የፍትሕ ሚዛንና ጉርብትና

ፍትሕ ማለት ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ነው ሲሉ የጥንት ሊቃውንት አስተምረዋል። ትርጓሜው አጭር ቢሆንም ሥራው ከባድ ነው፤ የሚገባውን ለመስጠት አስቀድሞ የሰውየውን ሀብት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋልና።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች ነው። እኔም ተወልጄ ያደግሁበት ይህ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፊሉ ፈርሶ፣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ተዛወሩ። ከተማ መታደስ እንዳለበት የሚክድ አስተዋይ አይገኝም፤ ጣሪያው የሚያፈስ የቀበሌ ቤትም በናፍቆት ብቻ ሊመሰገን አይገባውም።

ነገር ግን የድኻ ሀብት ቤቱ ብቻ አይደለም። አባቴ በሞተ ጊዜ ድንኳን የተከለው፣ ንፍሮ የቀቀለው፣ እናቴንም ያጽናናው ዕድሩ ነበር። ከዚያ በኋላ እናቴ በጉሊት ሽንኩርት እየሸጠች ስታሳድገን፣ ደንበኞቿ ደመወዝ እስኪወጣ በዱቤ የሚወስዱ ጎረቤቶች ነበሩ። ይህ ሀብት በካርታ አይመዘገብም፤ የጭነት መኪናም አያጓጉዘውም።

ሕጉ ይህን ፈጽሞ አልዘነጋም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንብረቱ ለሕዝብ ጥቅም ለሚወሰድበት ሰው ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዝዛል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ጭምር ካሣ እንዲታሰብ ደነገገ። ሐሳቡ ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ ዕድር የኅብረት ሀብት ስለ ሆነ፣ ዋጋው ለየሰዉ በገንዘብ ተከፋፍሎ ቢሰጥ ዕድሩ ራሱ አይመለስም። እውነተኛው ካሣ ጎረቤትን ከጎረቤት ሳይለዩ ማስፈር፣ ለባለ ጉሊቷም መንገደኛ የማይጠፋበት የገበያ ስፍራ ማዘጋጀት ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የማኅበርን ሥርዓት የሚወስኑ ሰዎች የራሳቸው ዕጣ ምን እንደሚሆን ሳያውቁ ቢመክሩ ፍትሐዊውን ይመርጣሉ ሲል አስረድቷል። እንግዲህ በየጽሕፈት ቤቱ ተቀምጠን ፊርማችንን የምናኖር ሁሉ፣ ነገ ባለ ሕንፃ ወይም ባለ ጉሊት እንደምንሆን ባናውቅ ምን እንወስን ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ቤቱን ከመለካታችን በፊት ነዋሪውን ጠርተን እንጠይቅ ነበር።

ለጋራ ጥቅም የሚከፈለው ዋጋ በጥቂቶች ጫንቃ ላይ ብቻ ከወደቀ፣ ጥቅሙ የጋራ መባሉ ይቀራል።