ለጆሮ የሚመረጥ ግድግዳ

አዲስ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ አለ። ዕቃ ሳይገባ በባዶው ሳሎን ውስጥ ስንናገር ግድግዳው መልሶ ይናገረናል። ሶፋና ምንጣፍ ሲገባ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። የዛሬ ቤት ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን የተቀባ ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት ነው። ሁሉም ጠንካራ ስለሆነ ድምፅን እንደ ኳስ ያነጥራል።

ወጣት ጆሮ ይህን ይችለዋል። ለአያቶች ግን ከባድ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ነው። በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ ደግሞ የቀደመው ቃል ጭራ በሚቀጥለው ቃል ላይ ይተኛል። እናቴ ከመንዝ መጥታ አያት ኮንዶሚኒየም ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ቡና ላይ ዝምታ አበዛች። የልጅ ልጆቿ ሲያወሯት «እሺ፣ እሺ» ብቻ ሆነ መልሷ። በረንዳ ላይ ሁለታችን ስንቀመጥ ግን ጨዋታዋ አያልቅም። ሐኪሙ ጆሮዋን መርምሮ «የዕድሜ ነው» ብሎናል። በረንዳውና ሳሎኑ ግን ሌላም ነገር ነገሩኝ፤ ግማሹ ችግር ከቤቱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን ተያይዘን ወጣን። በባቡር ልደታ ድረስ፣ ከዚያ በታክሲ ወደ ተክለ ሃይማኖት። ከቧንቧና ከቀለም መደብሮች መካከል በሽንትር እንጨት የተሰለፈ የሚመስል የግድግዳ ፓነል ያልሰቀለ ሱቅ ማግኘት ያስቸግራል። በየካፌውና ከቴሌቪዥን ጀርባ የምናየው ያ ነው። ሻጮቹ ሁሉንም «የድምፅ ፓነል» ይሉታል።

ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ውስጡ ባዶ የሆነ ፒቪሲ ነው፤ ቀላልና ርካሽ፣ ውሃም አይፈራም። ሁለተኛው ፊቱ ሞገድ እንዲመስል የተቦረቦረ ደፍን ኤምዲኤፍ ነው። ሁለቱም ጌጥ ናቸው፤ ድምፁን ጥቂት ይበትኑት እንደሆነ እንጂ አይውጡትም። ሦስተኛው እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ጥቅጥቅ ባለ ጥቁር ጨርቅ ላይ ሽንትሮች ተራርቀው የተደረደሩበት ነው። ሥራውን የሚሠራው ጨርቁ ነው። ድምፅ በሽንትሮቹ መካከል ገብቶ በጨርቁ ጭረቶች ውስጥ ሲርመሰመስ ጉልበቱ ያልቃል።

እናቴ ፓነሉን ገልብጣ አየችው። «ጀርባው የሌለው ምን ይውጣል?» አለች። ሻጩ ሳቀ፤ «እማማ፣ እርስዎ መሐንዲስ ነዎት» ብሎ በርጩማ አቀረበላት።

ከዚያ ወዲያ በየሱቁ ያደረግነው ፍተሻ ቀላል ነው፤ ማንም ሊያደርገው ይችላል። አፍን ጨርቁ ላይ አስጠግቶ እፍ ማለት። አየር ካሳለፈ ድምፅም ይገባል፤ እንደ ላስቲክ ከመለሰ ዋጋ የለውም። የተለመደው ጥሩ ጨርቅ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ከሽንትሩ ጋር ፓነሉ ከ20 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ሽንትሩን በጣት ይዞ መነቅነቅ፤ የሚነቃነቅ ከሆነ በሙጫ ብቻ የተነካ ነው፤ ከጀርባ በስቴፕል የተያዘው ይጸናል። የእንጨቱን መስመር ማየት፤ ያው ቅርጽ በየሽንትሩ ከተደጋገመ የታተመ ወረቀት ነው፤ እውነተኛ የእንጨት ልጣጭ ከሆነ አንዱ ከአንዱ ይለያል። ማሽተትም አለ። ዓይን የሚያቃጥል የሙጫ ሽታ ያለው ኤምዲኤፍ ሕፃን የሚያድርበት ክፍል አይገባም፤ «ኢ-1» የሚል ምልክት ወይም ከዚያ የተሻለ መጠየቅ ደግ ነው። በመጨረሻ አቀማመጡ። ግድግዳ ተደግፎ የሰነበተ ፓነል ይጎብጣል፤ ተኝቶ ከተከመረው ማስወጣት ይሻላል።

አንድ ሱቅ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። «ይህን ከለጠፋችሁ ጎረቤት ቢጨፍር አይሰማችሁም» አለን ሻጩ። ይህ እውነት አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያባክነውም እዚህ ላይ ነው። ፓነል የክፍሉን የራሱን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ከግድግዳ ማዶ የሚመጣውን አያግድም። የጎረቤትን ድምፅ የሚያግደው ክብደትና ክፍተት የሌለው ግንብ፣ በደንብ የሚገጥም በርና መስኮት ነው። ከላይ ፎቅ በሚወርድ የሙቀጫ ድምፅ የተቸገረ ሰው ፓነል ቢገዛ መፍትሔ አያገኝም።

የፈተና ወረቀት የሚያሳይ አስመጪም አለ። መለኪያው በአብዛኛው ከ0 እስከ 1 ነው፤ ወደ 1 የቀረበው ብዙ ድምፅ ይውጣል። ግን ፈተናው እንዴት እንደተደረገ ይጠየቅ። ከጀርባው ክፍተት ተትቶ ፋይበር ግላስ ተሞልቶ የተለካ ፓነል፣ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ያንኑ ውጤት አይሰጥም፤ በተለይ ለወፍራም ድምፆች።

ይህ ዕውቀት የጀመረው ከትራስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 አሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አዲስ የተሠራ የትምህርት አዳራሽ ስለሚያስተጋባ ተማሪው መምህሩን መስማት አቃተው። ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶችን ሌሊት ሌሊት እያስመጣ ለካ። ትራስ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ቶሎ ሞተ። ለእናቴ ስነግራት አልገረማትም። የመንዝ ቤት ግድግዳው ድንጋይ ቢሆንም ጣሪያው ሣር፣ መደቡ አጎዛ፣ መኝታው ባና ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ድገሙልኝ ብሎ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ በአጠና ተራ በኩል ወደ ኮልፌ ወጣን፤ የማውቃቸው አንድ አናጺ አሉ። እሳቸው አገር ውስጥ ባለው እንጨት ያንኑ ይሠሩታል። ግድግዳው ላይ ሞራሌ ይመቱና በመካከሉ ፋይበር ግላስ ይሞላሉ፤ በላዩ ጥቁር ስስ ጨርቅ ወጥረው ሽንትሩን ያሰልፋሉ። እናቴ በፋይበር ግላሱ ፈንታ የበግ ሱፍ ይሆን እንደሆነ ጠየቀች፤ ወዲያው ግን ራሷ መለሰች፤ «ኧረ ተዉት፣ ተዘግቶ ከተቀመጠ ብል ይጨርሰዋል፤ ሱፍ ፀሐይ ማየት አለበት።» አናጺው «እውነትዎን ነው እናቴ» አሏት።

እኛ የወሰድነው አራት ፓነል ነው። አንዱ 60 በ240 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 1.44 ካሬ ይሸፍናል። ዋጋ ስታወዳድሩ በፍሬ ሳይሆን በካሬ አስልታችሁ ጠይቁ፤ መጠኑ ከሱቅ ሱቅ ይለያያልና። ሙሉ ቤት መሸፈን አያስፈልግም። ትይዩ ከሆኑት ሁለት ባዶ ግድግዳዎች አንዱን መያዝ ይበቃል፤ ሰው ተቀምጦ በሚያወራበት ከፍታ። አናጺው ከሞራሌ ጋር በፊሸርና በጥቁር ብሎን አሰሩት፤ በሙጫ ቢለጠፍ ነቅሎ መውሰድ አይቻልም፤ ለተከራይ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በተቃራኒው ግድግዳ እናቴ ያመጣችው ባና ተሰቀለ። በየወሩ ይወርድና ፀሐይ ይመታል።

አሁንም ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወራ እናቴ ይቸግራታል። አንድ በአንድ ሲያወሯት ግን ትመልሳለች፤ ባለፈው እሑድ የልጄን የትምህርት ቤት ወሬ እስከ መጨረሻው ሰምታ ተከራከረችው።

ለሚገዙ ወላጆች የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ጨርቁ በአብዛኛው ፖሊስተር፣ ሽንትሩም እንጨት ስለሆነ ከሰል ምድጃ፣ ጧፍና ዕጣን ማጨሻ ከአጠገቡ ይራቅ፤ አቧራውም በደረቅ ብሩሽ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ አይጠረግ፤ ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ሁለተኛው፣ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ከቤቱ ጆሮው የደከመውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ፓነል በተለጠፈበት ማሳያ ክፍል ቁሙና ፊታችሁን ወደ ሌላ አዙራችሁ በዝግታ አንድ ነገር ጠይቁት። ከመለሰላችሁ ፓነሉ ሠርቷል።