በያይነቱ ወይስ የጾም?

ከሁሉ አስቀድሜ ጥፋቴን ልናዘዝ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ሐረር በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን በስብሰባና በሥልጠና ጊዜ የሚቀርበው ምሳ ከእንግዲህ ሥጋ እንዳይኖርበት የወሰነው ኮሚቴ አባል ነበርሁ። አባል ብቻም አይደለሁም፤ ሐሳቡን ያመነጨሁት፣ ቃለ ጉባኤውን የያዝሁት፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን አጭር ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔው ነኝ። ደብዳቤው «ለሁሉም ሠራተኛ በእኩልነት የሚስማማ ይሆን ዘንድ የጾም ምግብ ብቻ እንዲቀርብ ተወስኗል» ይላል። በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንዱ «የጾም» የሚለው ቃል ነው፤ ሁለተኛው «ተወስኗል» የሚለው። እነዚህን ለማየት አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም እስኪቀረው ድረስ ፈጀብኝ።

ሐረርን በዝና ብቻ ለምታውቁ አንባቢያን የነገሩን ሥር ማስረዳት ይገባኛል። በከተማችን፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ሁሉ፣ ልኳንዳ ቤት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በበሩ ላይ መስቀል፣ ሌላው ጨረቃና ኮከብ ያደርጋል። ሙስሊሙ ቢስሚላህ ተብሎ ያልታረደ፣ ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም ያልተባረከ ሥጋ አይበላም። የከብቱ ዘርና የተሰማራበት መስክ አንድ ነው፤ የሚለየው ሲታረድ የተጠራው ስም ነው። ጀጎል ግንብ ውስጥ ጊድር መጋላ የሄደ ሰው ጭላቶች ከሰማይ ወርደው ከገበያተኛ እጅ ሥጋ ሲመነትፉ አይቶ ይሆናል። ምኒልክ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ ወዲህ ሁለቱ ልኳንዳዎች በአንድ ከተማ ሲኖሩ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆናቸው። ሰዉ ቡናውን አብሮ ይጠጣል፣ ጫቱን አብሮ ይቅማል፣ ሙቱን አብሮ ይቀብራል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ይለያያል። በሐረር የሁለቱንም ልኳንዳ ትራፊ ያለ ልዩነት የሚበላው ጅብ ብቻ ነው።

ቀድሞ መሥሪያ ቤታችን ሥልጠና ሲያዘጋጅ ሁለት ቡፌ ያስዘረጋ ነበር። በአንድ ወገን የሙስሊም፣ በሌላው የክርስቲያን ወጥ፤ መካከል ላይ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ። ለአንድ ምሳ ሁለት ፕሮፎርማ መሰብሰብና ሁለት ወጥ ቤት መቆጣጠር ግድ ስለሆነ፣ ሥልጠና በመጣ ቁጥር የግዥ ክፍል ባልደረቦቻችን ፊት ይጠቁራል። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ አስተናጋጅ ከአንደኛው ድስት የጨለፈበትን ጭልፋ ሌላኛው ውስጥ ሲከተው አየን። ሆን ብሎ አልነበረም፤ ሰልፉ ረዝሞበት ነው። ሁላችንም «ሐጂ» ብለን የምንጠራቸው፣ በመሥሪያ ቤቱ ከማንም በላይ የቆዩት አዛውንት ሳህናቸውን በዝምታ አስቀምጠው ዳቦና ሻይ ይዘው ወጡ። አንድ የቁጣ ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን ምሳ ሲደርስ ወደ ቤታቸው መሄድ ጀመሩ፤ የከሰዓቱ ውይይት ያለ እሳቸው ይጀመራል፣ አንዳንዴም ያለ እሳቸው ይወሰናል። የእኔ ሐሳብ የተወለደው ከዚያ ቀን ሐፍረት ነው።

ለኮሚቴው ሳቀርበው ባዶ እጄን አልሄድሁም። እ.ኤ.አ. በ2017 የጀርመን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ባርባራ ሄንድሪክስ በሚኒስቴሩ ግብዣዎች ላይ ሥጋና ዓሣ እንዳይቀርብ ማዘዛቸውን ጠቀስሁ። በ2018 ዊወርክ የተባለው የአሜሪካ የቢሮ አከራይ ኩባንያ ስድስት ሺህ ለሚሆኑ ሠራተኞቹ ሥጋ ያለበትን ምግብ ወጪ እንደማይሸፍን ማስታወቁን ጨመርሁ። የሁለቱም ምክንያት የአየር ንብረት ነበር። ይበልጥ የወደድሁት ግን የፈረንሳይዋን የሊዮን ከተማ ምሳሌ ነው። በ2021 በኮሮና ወቅት ከንቲባው ግሬጎሪ ዱሴ የተማሪዎች ሰልፍ እንዲፋጠን በሚል በትምህርት ቤቶች ምሳ ላይ ሥጋ ለጊዜው ቀርቶ ለሁሉም ልጅ የሚሆን አንድ ዓይነት ምግብ እንዲቀርብ አደረጉ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይቀሩ «ይህ ገበሬውንና ሥጋ ሻጩን መሳደብ ነው» ብለው ተነሡባቸው። እኔ ግን «አንድ ሳህን ለሁሉም» የሚለው ሐሳብ ልቤን ወሰደው።

አንድ ምሳሌ ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 በሕንድ ቼናይ የሚታተመው «ዘ ሂንዱ» ጋዜጣ፣ ሥጋ የማይበላው አብዛኛው ሠራተኛ እንዳይከፋ በሚል፣ ሥጋ ያለበት ምግብ ወደ መመገቢያ አዳራሹ እንዳይገባ በማስታወቂያ አሳስቦ ነበር። በሕንድ ሥጋ አለመብላት ከትውልድ ማዕረግ ጋር የተቆራኘ በመሆኑ ማስታወቂያው ብዙዎችን አስቆጣ። በጀርመን የአየር ንብረት ጉዳይ የነበረው ማዕድ በቼናይ የብዙኃኑ ማኅተም ሆነ ማለት ነው። የእኛስ ከየትኛው ይመደብ ይሆን ብዬ አልጠየቅሁም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ውሳኔያችን የተሳካ መሰለ። ሐጂ ወደ ማዕዱ ተመለሱ፤ የግዥ ክፍሉም ፊት ፈካ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ስለገቡ፣ ክርስቲያኑ ከሥጋና ከወተት፣ ሙስሊሙ ቀኑን ሙሉ ከምግብ ተከልክሎ ስለ ምሳ የሚከራከር ጠፋ። ፈተናው የመጣው ፋሲካውም ዒዱም ካለፉ በኋላ፣ በግንቦት ነው። ረቡዕ ተጀምሮ ዓርብ የሚያበቃ የሦስት ቀን ሥልጠና ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ክርስቲያን ባልደረባዬ ሳህኗን ይዛ መጣችና «ቤተ ክርስቲያን በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብን እንኳ ብሉ ስትለን፣ መሥሪያ ቤቱ ጹሙ የሚለን በየትኛው ቀኖና ነው?» አለችኝ። ሳቅን። ይሁን እንጂ እውነት ነበራት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ እኛ ግን ሳናውቀው በማስታወቂያ ሰሌዳ ጾም አውጀን ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሐጂ ከጎኔ ተቀምጠው በልተው ከጨረሱ በኋላ፣ እጃቸውን እየጠረጉ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው «ልጄ፣ ምግቡ ግሩም ነው፤ ጠግቤአለሁ። ነገር ግን የእኛ ጾም በመጋቢት አልቋል። አሁን የበላሁት የማንን ጾም ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አብረን እንበላለን ብዬ የጠራኋቸው ሰው ለካ ዓመቱን ሙሉ በእኔ ስም በተሰየመ ገበታ እንግዳ ሆነው ኖረዋል።

በሦስተኛው ቀን የጽዳት ሠራተኛችን መጣች። ቀድሞ ከምሳ የተረፈውን በፌስታል ጠቅልላ ለልጆቿ ትወስድ ነበር። «ጋሼ፣ ምስር እኮ ቤቴም አለ» አለችኝ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመረችም። አገራችን በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ይሁንና ደመወዙ ትንሽ ለሆነ ቤተሰብ ሥጋ ከበዓል እስከ በዓል የሚናፈቅ ነገር ነው። በኮሚቴው ውስጥ የተቀመጥነው ሁላችን ቅዳሜ ቅዳሜ ኪሎም ባይሆን ግማሽ ኪሎ የምንገዛ ነን። የዊወርክ ሠራተኛ ሥጋ ቢቀርበት የሚቀርበት በድርጅቱ ሒሳብ ነው፤ እሷ ግን ማንም መመሪያ ሳያወጣባት ከተወችው ቆይታለች። እኛ የወሰድንባት የቀረችውን ነው።

ያን ሳምንት እናቴ ደጋግማ ትዝ አለችኝ። ልጅ ሳለሁ በቤታችን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድስት ነበር። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሲጋበዙ ብቻ ይወርዳል። በፋሲካ ዋዜማ አንድ በግ ወደ እነሱ ግቢ ይነዳል፤ የጎረቤታችን አባወራ ያርዱታል፣ ሚስታቸው በዚያው ድስት ትሠራዋለች፣ በማግስቱ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ወጥ እንበላለን። በዐረፋ ደግሞ አባቴ በጧት ወደ ጀጎል ይጠራ ነበር፤ ለእኛ የተገዛውን በግ በሥላሴ ስም እንዲባርክ። ሰፌዶችና ሙዳዮች በተሰቀሉበት ግድግዳ ሥር፣ ቀይ በተቀባው ነደባ ላይ ተደርድረን የተቀመጥነው አሁንም በዓይኔ ይሄዳል። ድካሙ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ድካም ምክንያት አባቴ የጎረቤቱን ሕግ፣ ጎረቤቱም የአባቴን ሕግ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ሳይጠያየቁ መጋበዝ አይቻልማ። እኔ ያረቀቅሁት ደብዳቤ መጠያየቁን አስቀረው። አዲስ የተቀጠሩ ወጣቶች ሐጂ ለምን አንድ ሰሞን ቤታቸው ይበሉ እንደነበር እንኳ አያውቁም።

ሐረሪዎች በዓሹራ ሌሊት ለጅብ ቅቤ የበዛበት ገንፎ ያቀርባሉ። ሥጋ የለመደ አውሬ በዚያች ሌሊት ገንፎ ይጋበዛል ማለት ነው። ቁም ነገሩ ግን አቅርበው ወደ ቤታቸው አለመሄዳቸው ነው፤ ቆመው ያያሉ፤ ጅቡ ምን ያህል እንደበላ ተመልክተው የመጪውን ዓመት ዕጣ ያነብባሉ። እኛ ለባልደረቦቻችን ምሳ አቅርበን ማን በልቶ ማን እንደተወ ዞር ብለን አላየንም።

ነገሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ምሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልጻፍሁት። በአገራችን የሚያጨቃጭቅ ነገር ሲገጥመን ተቀምጦ ከመነጋገር ይልቅ ነገሩን ከገበታ ማንሣት ይቀናናል። ጭቅጭቁ ስለማይሰማም ተስማማን እንላለን፤ ከዚያም ያነሣንበትን ምክንያት ለራሳችን «እኩልነት» ብለን እንሰይመዋለን። እኩልነቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚለካው በሰያሚው ቁና ነው። እኔ ክርስቲያን በመሆኔ ሥጋ የሌለበት ምግብ ሁሉ በአፌ «የጾም» ሆኖ ወጣ፤ ቃሉ የማን እንደሆነ ለማሰብ ፋታ አልሰጠሁም።

እንዲህም ሆኖ ውሳኔው ይሻር አልልም። ሐጂ ከጎኔ ተቀምጠው እንዲበሉ ያደረገ ውሳኔ ነውና ዋጋው ትንሽ አይደለም። የሐረር ቢራ ፋብሪካ አልኮል የሌለበትን መጠጥ ሲያወጣ «የሙስሊም ቢራ» አላለውም፤ «ሶፊ» ብሎ የራሱን ስም ሰጠው፤ የፈለገ ሁሉ ይጠጣዋል። እኛም ቢሆን ስም ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ ማንኛውም ምግብ ቤት «በያይነቱ» ይለዋል።

ስለዚህ በሰኔ ወር ለኮሚቴው ሦስት ነጥብ አቀረብሁ። አንደኛ፣ «የጾም» የሚለው ቃል ከደብዳቤው ወጥቶ «በያይነቱ» ይተካ። ሁለተኛ፣ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች በኮሚቴው ይወከሉ፤ ከየሥልጠናው በኋላም ምሳው እንዴት እንደነበር ተበዮቹ ይጠየቁ። ሦስተኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፋሲካና በዐረፋ ሰሞን፣ እንደ አባቶቻችን ሁለት በግ ታርዶ በአንድ አዳራሽ እንብላ። ሁለቱ ነጥቦች ጸደቁ። ሦስተኛው «በበጀት አልተያዘም» ተብሎ ወደቀ።

እኛም መዋጮ ጀምረናል። ለሙስሊሞቹ የሚታረደውን በግ እኔ፣ ለክርስቲያኖቹ የሚታረደውን ሐጂ እንድንገዛ ተስማምተናል፤ ምክንያቱም ለመግዛት እንኳ አንዳችን ሌላችንን መጠየቅ ግድ ይለናል። ገንዘቡን የምትይዘው የጽዳት ሠራተኛችን ናት። እስካሁን የተዋጣው ለአንድ በግ አይበቃም።

በእናንተ መሥሪያ ቤት ምሳው ምን ተብሎ ይጠራ ይሆን? ማንስ ነው የሰየመው? ቸር ያገናኘን።