ሚኒሞ

ድምፁን በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ሰው ካሰናበትሁ በኋላ ነው።

አባቴ በ2008 ዓ.ም. ሲያርፍ ለልጆቹ ከተወው ጥቂት ንብረት አንዷ ያረጀች ቶዮታ ሃይኤስ ነበረች፤ ሰማያዊና ነጭ፣ ቤንዚን የምትጠጣ፣ ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ የምትመላለስ ታክሲ። ከእሷ ጋር ሾፌሯንም ወረስን። ስድስት ዓመት ለአባቴ የነዱ፣ በዕድሜም ለእሱ የሚቀርቡ ሰው ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። ስለ ሞተር የነበረኝ ዕውቀት ቁልፍ ሲዞር ይነሣል ከሚል አያልፍም ነበር።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ጋሼ አንድ ማታ ሒሳብ ሊያስረክቡ መጥተው፣ «ልጄ፣ ሚኒሞው ራሱን ችሎ ይነሣል፤ እግሬን ካነሣሁ በኋላ ሞተሩ ይጮሃል» አሉኝ። ሚኒሞ ማለት ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ ቆሞ የሚተነፍስበት ዝቅተኛው ዙር ነው። ከካቻቢቴ፣ ከካንዴላና ከማርሚታ ጋር ከጣሊያንኛ ተነሥቶ ጋራዦቻችን ውስጥ የቀረ ቃል ነው፤ ስለ ውሰት ቃላት ሳስተምር ለምን አንድም ቀን እንዳልጠቀስሁት አላውቅም። እንደኛዋ ባለ መኪና ላይ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ዙር ቢሆን ጤና ነው።

ሦስት ጊዜ ጋራዥ ላክኋት። ሦስቱንም ጊዜ መኪናዋ መካኒኩ ፊት እንደ በግ ጸጥ ብላ ቆመች። የነዳጁን ገመድ አዩ፤ ልል ነው፣ በደንብ ይመለሳል። አየር ከማኒፎልዱ መጋጠሚያ ሾልኮ ይገባ እንደሆነ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ምንም የለም። የአየር መግቢያውን ጉሮሮ አጠቡና ገንዘብ ተቀበሉ። በሦስተኛው ጊዜ መካኒኩ በስልክ፣ «መምህር፣ መኪናዋ ምንም የላትም» አለኝ።

በዚያው ሰሞን የነዳጁ ወጪ አደገ። አባቴ በደብተሩ እንደጻፈው ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ይበቃት ነበር፤ አሁን 16 ገባ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸውና፣ ሳልፈልገው ሳይሆን እየፈለግሁት፣ አንድ ታሪክ ሠራሁባቸው፦ ነዳጁ እየተቀዳ ይሸጣል፤ ማንም ያላየው የሚኒሞ ወሬ ደግሞ መሸፈኛው ነው። ረዳቱ «እኔም ሰምቻለሁ፤ ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ይጮሃል» ሲል አላመንሁትም፤ የጥቅም ተካፋይ ነው አልሁ። ሰኔ ላይ ጋሼን አሰናበትኋቸው። ከመጨረሻ ደመወዛቸው ላይ የጎደለውን የነዳጅ ዋጋ ቆረጥሁ። እሳቸው አልተከራከሩኝም፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «እግዜር ያውቃል» ብለው ወጡ። ያኔ ይህን ዝምታ ለጥፋተኝነት ማስረጃ አድርጌ እንደ ቆጠርሁት መናገር አለብኝ።

ክረምቱን፣ አዲስ ሾፌር እስካገኝ፣ ተሳፋሪ ሳልጭን ራሴ ያዝኋት። የሃይኤስ ሞተር ያለው ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው፤ ሰው የሚነዳው ሞተር ላይ ተቀምጦ ነው ማለት ይቻላል። ሦስት ቀን ምንም አልሰማሁም። በልቤም ኮራሁ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ 6 ኪሎን አልፌ ሽቅብ ወጥቼ፣ ሽሮ ሜዳ ቆም እንዳልሁ፣ ወንበሩ ከሥሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እግሬን አየሁ፤ ነዳጅ መስጫው ላይ የለም። ሞተሩ ግን ይጮህ ነበር። ሽማ የሚሸጡት ሴቶች ዘወር ብለው አዩኝ። አጥፍቼ ተቀመጥሁ። ከዚያ ሁሉ በፊት ወደ አእምሮዬ የመጣው የረዳቱ ቃል ነው።

ማስታወሻ ያዝሁ፤ ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዳገት ይሁን ሜዳ፣ ሞተሩ ይሞቅ ይቀዝቅዝ ጻፍሁ። በሁለት ሳምንት 11 ጊዜ ጮኸች። አንዱም ጠዋት አልነበረም። አብዛኛው ዳገት ከወጣሁ በኋላ ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ ደግሞ በእነዚያ ሰዓቶች ወደ ቀዝቃዛው ያዘነብል ነበር፤ እኔም «ቢያንስ አትግልም» ብዬ ተጽናናሁ። የውሃውን መጠባበቂያ ዕቃ አየሁት፤ ሙሉ ነው። ነዳጁም ያው 16 ሊትር ነበር፤ ሌባ በሌለበት።

ወረቀቱን ይዤ ሌላ ጋራዥ ሄድሁ። መካኒኩ ወጣት ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበውና ምንም ሳይነካ፣ «ስትጮህ አምጣት፤ አታጥፋት» አለኝ። በማግሥቱ እየጮኸች አመጣኋት። የወንበሩን ክዳን አነሣ፣ መለኪያውን ሰካ፦ 1,700። ከዚያ ወደ አየር መግቢያው የምትሄደውን ቀጭን የውሃ ቱቦ በጣቱ ያዘና ሳቀ። «መምህር፣ ያዛት» አለኝ። ሞተሩ እሳት ሆኖ ሳለ ቱቦዋ ቀዝቃዛ ነበረች።

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። ሞተር ገና ሲነሣ ብርድ ስለሆነ ተጨማሪ አየር የምትሰጠው ትንሽ በር አለች፤ ሚኒሞውን ከፍ የምታደርገው እሷ ናት። የሞተሩ ሙቅ ውሃ በአጠገቧ ሲያልፍ ትሞቅና ትዘጋለች፤ ሚኒሞውም ይወርዳል። ውሃው ጎድሎ በቦታው አየር ከገባ ግን በሯ አሁንም ማለዳ ይመስላታል፤ ትከፈታለች። ሙቀት ለኮምፒውተሩ የሚነግረውም መሣሪያ አየር ውስጥ ከቀረ፣ «ገና አልሞቀም» ብሎ ይዋሻል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል። የመርፌው ቅዝቃዜ ከዚሁ ነው፤ እኔ የተጽናናሁበት ማለቴ ነው። አራቱ ሊትርም እዚሁ ነበር።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ ገባበት። መጠባበቂያው ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ባዶ የሚሆነው፣ የሚያፈስ ቦታ ካለ ሞተሩ ሲበርድ ከመጠባበቂያው ውሃ በመሳብ ፈንታ በዚያው ቀዳዳ አየር ስለሚስብ ነው። ቀዳዳው ተገኘ፦ ከወለሉ ሥር አንድ የቱቦ ማሰሪያ ላልቶ፣ ውሃው ሲግል ብቻ ጠብ እያለ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ይተን ነበር። ምድር ላይ እርጥበት አይተውም፤ ብረቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ብቻ። ማሰሪያው የተገዛው በጥቂት ብር ነው።

«የበፊቱ ሾፌር ጠዋት ጠዋት ውሃ ይሞሉ ነበር እንዴ?» አለኝ መካኒኩ።

አላውቅም ነበር። ለረዳቱ ደወልሁ። «አዎ፣ በየቀኑ፤ በሃይላንድ። ጋራዥ ስንወስዳትም በደንብ ሞልተው ነው፤ መኪና ተራቁታ ሐኪም ቤት አትሄድም ይሉ ነበር» አለኝ። ይህን ለእኔ አልነገሩኝም፤ ያረጀ መኪና የያዘ ሾፌር ሁሉ የሚያደርገው ነውና ምን ብለው ይንገሩኝ? እኔም አልጠየቅኋቸውም። ምስክራቸውን በየጊዜው በገዛ እጃቸው በሃይላንድ ሲያጠፉ ኖረዋል።

ቤታቸው የሄድሁት በመስከረም 2012 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ቡና እየቆሉ ነበር፤ ሰላምታዬን ቢመልሱም ቀና ብለው አላዩኝም። የምናገረውን በመንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልወጣም። «ጋሼ፣ ሚኒሞው ይነሣል። ሰምቻለሁ» አልሁ።

ትንሽ ዝም አሉና፣ «ከየት ነው?» አሉ።

ነገርኋቸው። ስለ ማሰሪያው ስደርስ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ከሥር እኮ ተኝቼ አይቻለሁ፤ ጠዋት ነው ያየሁት፣ በብርድ» አሉ። የተናደዱት በእኔ አልነበረም፤ ቢያንስ በዚያች ደቂቃ።

እንዲመለሱ ለመንኋቸው። ሌላ መኪና ይዘዋል። ፖስታውን አስቀመጥሁ፤ የቆረጥሁባቸውን ገንዘብና ከዚያ በላይ የሦስት ወር ደመወዝ ነበረበት። ከፍተው ቀስ ብለው ቆጠሩ። የተቆረጠባቸውን ያህል፣ ሳንቲሙን ጭምር፣ ለይተው ወደ ኪሳቸው ከተቱ። የቀረውን ወደ ፖስታው መልሰው ወደ እኔ ገፉት። ባለቤታቸው ሦስተኛውን ሲኒ አወረዱ።