19 ለ 18

እስቲ ዛሬ ስለ አንድ የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ እንጫወት። ውጤቱን ስነግራችሁ የአንድ ኳርተር ነው ብላችሁ እንዳትሞግቱኝ። 19 ለ 18 ነው፤ የሙሉ 48 ደቂቃ ውጤት፣ ያውም በኤንቢኤ! ዛሬ አንድ እጁ የቀናው ተጫዋች በአንድ ኳርተር ብቻውን የሚያገባውን ነጥብ፣ ያኔ አንድ ቡድን በሙሉ ሲታገል አምሽቶ ነው ያገኘው።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1950፣ በእኛ ኅዳር 13 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው። ቦታው ሚኒያፖሊስ። ዛሬ በሎስ አንጀለስ የምናውቃቸው ሌከርሶች ያኔ ሐይቅ በሞላበት በሚኒሶታ ነበር የሚኖሩት፤ ስማቸውንም ያገኙት ከዚያው ነው። እንግዳው ቡድን ፎርት ዌይን ፒስተንስ ነበር፤ ኋላ ዲትሮይት የገባው። ሌከርሶች በሜዳቸው 29 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈዋል። ከሁሉ በላይ የሚፈሩት በጆርጅ ማይካን ምክንያት ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሴንቲ፣ መነጽሩን እንዳደረገ የሚጫወት፣ ቅርጫት ሥር አንዴ ከቆመ የሚነቀንቀው የጠፋ ሰው ነበር።

የፒስተንሱ አሰልጣኝ ሙሬይ ሜንደንሆል ከማይካን ጋር ነጥብ ለነጥብ መሯሯጥ እንደማያዋጣ ገባው። ስለዚህ ልጆቹን ኳሷን ይዛችሁ ቆዩ አላቸው። ያኔ ኳስ የያዘ ቡድን በዚህን ያህል ሰከንድ ውስጥ ይወርውር የሚል ሕግ አልነበረም። ፒስተንሶች ከቅርጫቱ ርቀው ኳሷን አቅፈው ቆሙ፤ ከፈለጋችሁ መጥታችሁ ውሰዱ ነው ነገሩ። ገንዘቡን ከፍሎ የገባው 7,021 ተመልካች የቆሙ ሰዎች ሲተያዩ አየ። በእግር ኳስ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ሰዓት የሚገድል ቡድን ምን ያህል ስድብ እንደሚጠግብ እናውቅ የለ? እዚህ ሰዓት መግደሉ የጨዋታው ዕቅድ ነበር።

እኔን ግን ደጋግሞ የሚስበኝ የነጥብ መዝገቡ ነው። ኑ፣ አብረን እንየው። በመጀመሪያው ኳርተር መጨረሻ ፒስተንስ 8 ለ 7 ይመራል። በእረፍት ሌከርስ 13 ለ 11። ከሦስተኛው ኳርተር በኋላ ሌከርስ 17 ለ 16። ሁለቱም ቡድኖች በሙሉ ጨዋታው ከሜዳ ያስገቡት አራት አራት ቅርጫት ብቻ ነው፤ ፒስተንስ ከ13 ሙከራ፣ ሌከርስ ከ18። የቀረው ሁሉ በነፃ ውርወራ የመጣ ነው። ከ37ቱ ነጥብ 21ዱ ማለት ነው።

አሁን የማይካንን መስመር ተመልከቱ። ከ11 ሙከራ 4 ቅርጫት፣ ከ11 ነፃ ውርወራ 7፤ በድምሩ 15 ነጥብ። የቡድኑ አራቱም ቅርጫቶች የእሱ ናቸው! ጓደኞቹ በሙሉ ተባብረው 3 ነጥብ ነው ያመጡት፤ ሦስቱም በነፃ ውርወራ። ሰባት ጊዜ ከሜዳ ሞክረው አንዲት እንኳ አልገባችላቸውም። ከፒስተንስ በኩል ትልቁን ነጥብ ያመጣው ጆን ኦልድሃም ሲሆን እሱም 5 ነው። ማይካን በዚያ የውድድር ዓመት በአማካይ 28.4 ነጥብ ያገባ ነበርና ምሽቱን ከዚህ አንጻር የሚያይ ሰው ደከመ ሊል ይችላል። በእኔ ዓይን ግን እነዚህ 15 ነጥቦች ከብዙ 40 ነጥቦች ይበልጣሉ። ኳስ እንዳይደርሰው ተብሎ ጨዋታው ሁሉ በእሱ ላይ የተሸረበበት ሰው፣ ከቡድኑ ነጥብ 83 ከመቶውን ለብቻው ተሸከመ። በኤንቢኤ ታሪክ ከቡድኑ ነጥብ ይህን ያህል ድርሻ የወሰደ ሌላ ተጫዋች የለም።

አራተኛው ኳርተር ደግሞ ለብቻው የሚጤን ነው። በ12 ደቂቃ ውስጥ ሌከርስ 1፣ ፒስተንስ 3 ነጥብ አገቡ። 18 ለ 17 ሌከርስ እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት፣ የፒስተንሱ ሴንተር ላሪ ፋውስት ከከርሊ አርምስትሮንግ የተቀበላትን ኳስ ቅርጫት ሥር በማይካን ላይ ወርውሮ አስገባት። ነጥቦቹን ስትደምሯቸው አንድ ነገር ይወጣል፦ በዚያ ኳርተር ከሁለቱም ቡድን ከሜዳ የገባችው ቅርጫት ይህች የፋውስት ብቻ ናት። የ29 ጨዋታው ድልም በእሷ ቆመ።

መዝገቡ የማይነግረን የምሽቱን ዋና ሥራ ነው። በዚያው የውድድር ዓመት ኤንቢኤ ሪባውንድ መመዝገብ ጀምሯል፤ ኳስ ይዞ የመቆም ዓምድ ግን አልነበረውም። የፒስተንስ ጠባቂዎች ማይካን ኳስ ሳይነካ ያሳለፏቸው ደቂቃዎች በስማቸው አልተጻፉም። ለእኔ ያሸነፉት በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።

ዝግታው በዚያች ምሽት አላበቃም፤ ዓመታት ቀጠለ፣ ተመልካቹም ተማረረ። በመጨረሻ የሲራኪውዝ ናሽናልስ ባለቤት ዳኒ ቢያሶኔ እንዲህ ብሎ አሰላ፦ ጥሩ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው 60 ያህል ጊዜ የሚወረውሩበት ነው። ጨዋታው 2,880 ሰከንድ ነው። ለ120 ቢካፈል 24 ይመጣል። ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ይወርውር የሚለው እ.ኤ.አ. በ1954 ሕግ ሆነ፤ የሊጉ ቡድኖች አማካይ ነጥብም በአንድ ዓመት ከ79.5 ወደ 93.1 ዘለለ። በዚያው ስሌት የሚኒያፖሊሱን ምሽት ብትለኩት 31 ሙከራ በ2,880 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ውርወራ በ93 ሰከንድ ነው። ሜንደንሆል በነበረው ሕግ ተጫውቶ አሸንፏልና አልወቅሰውም፤ ሕጉ መለወጡ ግን ጨዋታውን አድኖታል ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ሕግ የመጀመሪያ ዓመት ፍጻሜ ላይ እነማን ደረሱ መሰላችሁ? የቢያሶኔ ሲራኪውዝና ያው ፎርት ዌይን፤ ላሪ ፋውስትም ከነማሊያው። ሦስት ለሦስት ሆነው ሰባተኛውን ጨዋታ ኤፕሪል 10 ቀን 1955 ገጠሙ። ፒስተንስ በሁለተኛው ኳርተር 41 ለ 24 መርቶ ነበር። በቀድሞው ሕግ ቢሆን ኳሷን አቅፎ መቆም ነበር፤ አሁን ግን በየ24 ሰከንዱ መወርወር ግድ ነው። ሲራኪውዝ ቀስ በቀስ ደረሰበት። ሊያልቅ 12 ሰከንድ ሲቀር ጆርጅ ኪንግ ነፃ ውርወራ አስገባ፤ ወዲያው ፒስተንሶች ይዘውት የመጡትን የመጨረሻ ኳስ ራሱ ነጠቃቸው። ሲራኪውዝ 92፣ ፎርት ዌይን 91።