የአባቴ ቮልስ

በሥራ ቦታዬ በምሳ ሰዓት የምንጫወተው አንድ ጨዋታ አለ። አንዱ ይነሣና «የማትረሷት መኪና የትኛዋ ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓት አይበቃም። ስለ ውድ መኪና የሚያወራ ሰው የለም። አንዷ የአያቷን አሮጌ ፊያት ታነሣለች። ሌላው ሦስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው የገዟትን ኦፔል ያስታውሳል። አንዱ ደግሞ በሯ ከውስጥ የማይከፈት መኪና ነበረችው፤ ለመውረድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን ወደ ውጭ ይሰድ ነበር።

ተራው ለእኔ ሲደርስ ሁልጊዜ የማወራው ስለ አንዲት መኪና ነው። መኪናዋ ግን የእኔ አልነበረችም። የአባቴ ነበረች።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። የምኖረው ጀርመን አገር ነው። ተወልጄ ያደግሁት ግን አዲስ አበባ፣ ቀበና ነው። አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች፣ ሰማያዊ ቮልስዋገን ነበረች። ጀርመኖች ይቺን መኪና «ኬፈር» ይሏታል፤ ጢንዚዛ ማለት ነው። እኛ አገር ስሟ አጭር ነው፦ ቮልስ።

ቮልስን ለማታውቋት ልጆች ላስተዋውቃችሁ። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ዕቃ የሚጫነው ከፊት ነው። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ ስለዚህ ራዲያተር የላትም፤ ውሃም አትጠጣም። አዲስ አበባ ዳገት የበዛባት ከተማ ናት። ሌሎች መኪኖች ውሃቸው ፈልቶ ዳገት ላይ ሲቆሙ፣ የእኛ ቮልስ እያጓራች፣ ቀስ ብላ ታልፋቸው ነበር።

ቀስ ማለቷም ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ቤንዚን ለማቃጠል አየር ይፈልጋል፤ አየር ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። አባቴ ይህን ሲያስረዳን «እናንተ ወደ እንጦጦ ሮጣችሁ ስትወጡ ታለከልኩ የለ? እሷም እንደዚያው ናት» ይለን ነበር።

ባትሪዋ ደካማ ነበር። ስለዚህ አባቴ ማታ ሲያቆማት ፊቷን ሁልጊዜ ወደ ቁልቁለቱ ያዞራታል። ጠዋት አልነሣ ስትል እኔና ታላቅ እኅቴ ከኋላ ሆነን እንገፋለን። አባቴ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል፤ ፍሪሲዮን ረግጦ ይጠብቃል። መኪናዋ ትንሽ ስትንደረደር ፍሪሲዮኑን ድንገት ይለቀዋል። ሞተሩ አንዴ ይስላል፤ ከዚያ ይነሣል። እኛ ደብተራችንን ይዘን እየሮጥን እንገባለን። የሰፈሩ ሰው ሰዓት የሚያውቀው በእኛ ቮልስ ድምፅ ነው እያሉ ጎረቤቶች ይቀልዱብን ነበር።

መኪናዋ ስትበላሽ አባቴ አይቆጣም። እጅጌውን ይሰበስብና አጠገቤ ቁም ይለኛል። «ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል» ይላል፤ «እሳት፣ ቤንዚን፣ አየር። መጀመሪያ የትኛው እንደጎደለ እወቅ።» ሁለተኛውን ትምህርቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንካ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከነካህ የትኛው እንዳዳናት አታውቅም።» ዛሬ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ስሕተት ስፈልግ የምሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት የተማርኩት እዚያ ቁልቁለት ላይ፣ በዘይት በቆሸሸ እጅ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ጀርመን አገር ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምረኝ ዩኒቨርሲቲ አገኘሁ። ትምህርቱ ክፍያ አልነበረውም። ቪዛ ለማግኘት ግን ለአንድ ዓመት ኑሮ የሚበቃ ገንዘብ በዝግ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ግዴታ ነበር። ያኔ 8,000 ዩሮ ያህል ነበር። ተማሪው ጀርመን ሲገባ ገንዘቡ በየወሩ እየተቆራረጠ ይለቀቅለታል። እኔ ያን ያህል ገንዘብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

አባቴ አንድ ማታ «ዕቁብ ወጣልኝ» አለ። አጎቴና እኅቴም ጨመሩበት፤ ሒሳቡ ሞላ። በዚያው ሰሞን ቮልሷ ተሸጠች። «ዓይኔ ደክሟል» አለኝ አባቴ፤ «በተለይ ማታ ማታ አይታየኝም። ሰው ሳልገጭ ብተዋት ይሻላል።» አዘንኩ፤ ግን አመንኩት። ስልሳ ዓመት ሞልቶት ነበር። በሚቀጥለው መስከረም ሄድኩ።

ጀርመን ከገባሁ ከሁለት ዓመት በኋላ የራሴን የመጀመሪያ መኪና ገዛሁ። ከእኔ ብዙም በዕድሜ የማታንስ ጎልፍ ነበረች። አንድ ቀን የክፍሌን ልጆች ጭኜ ስሄድ ከኋላ ለተቀመጠው ኢትዮጵያዊ ጓደኛዬ «ፍሬቻው አይሠራም መሰለኝ» አልኩት። ፊት የተቀመጠው ጣሊያናዊ ዘወር አለና «ምን አልክ?» አለኝ። እኛ ፍሬቻ የምንለው መኪና ስትታጠፍ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ነው። በእሱ ቋንቋ «ፍሬቻ» ቀስት ማለት ነው፤ የመኪናውንም መብራት እንደዚሁ ይሉታል። የዚያን ቀን መንገዱን በሙሉ የመኪና ዕቃ ስንቆጥር ዋልን። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ኮፈኖ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉንም አወቃቸው። ካንዴላ በእነሱ ቋንቋ ሻማም ማለት ነው። ፍሪሲዮን ከመፋተግ የመጣ ቃል ነው። ቦሎ፣ በየዓመቱ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው፣ ማኅተም ማለት ነው። ሹፌርና ጋራዥ ግን የፈረንሳይ ቃላት ናቸው። መኪናው ወደ አገራችን ሲገባ ስሙን ይዞ ገባ፤ አባቶቻችን ደግሞ ቃላቱን ለአፋቸው እንዲመቹ አድርገው አማርኛ አደረጓቸው። እናንተም አማርኛችሁ ከሌላ ቋንቋ ጋር ሲቀላቀል አትፈሩ። እኛም ቀላቅለናል።

ጎልፏ አንድ ክረምት እንግዳ ድምፅ ማሰማት ጀመረች። ለአባቴ ደወልኩ። «ሞተሩን አስነሣና ስልኩን አስጠጋልኝ» አለኝ። በረዶ ላይ ቆሜ ስልኬን ወደ ሞተሩ ዘረጋሁ። አባቴ አዲስ አበባ ሆኖ አዳመጠ። «ዘይቷን ያየኸው መቼ ነው?» አለኝ። አላስታውስም። «ጠምቷታል» አለ። ዘይቱን ስለካ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዶ ነበር። የኮምፒዩተር ማስተርስ ተማሪ ዘይት ማየት ረስቶ፣ ችግሩን ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ያለ የሒሳብ መምህር አገኘለት።

አንድ ጊዜ ደግሞ ቮልፍስቡርግ ወደሚገኘው የመኪና ሙዚየም ሄድኩ። ቮልስዋገን የሚሠራባት ከተማ ናት። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ አንዷን የሚያብረቀርቅ ቮልስ ፎቶ አንሥቼ ለአባቴ ላክሁለት። መልሱ አጭር ነበር። «ንጹሕ ናት። ማን ይነዳታል?»

በ2011 ዓ.ም. ለገና አገር ቤት ገባሁ። እኅቴ ቪትዝ ገዝታ ነበር። እሷ ትነዳለች፣ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስንወርድ መንገዱ ተዘጋጋ። አባቴ ድንገት ጣቱን ዘረጋ።

«ያቻትና!» አለ። «ያቻት ቀዩዋ! የእኛ ናት። ቁጥሯን እዩት።»

ከፊታችን ብዙ መኪኖች ነበሩ። ራቅ ብላ አንዲት ቀይ ቮልስ ትታያለች። ሰሌዳዋን እኔ በመነጽሬ ማንበብ አልቻልኩም። ቀስ በቀስ ስንጠጋ ቁጥሩ የራሷ ነበር። ቀለሟ ብቻ ተቀይሯል።

«አባዬ» አልኩት፤ «ቁጥሩን ከዚያ ሆነህ አነበብከው?»

ዝም አለ።

«ዓይኔ ደከመ አላልከኝም ነበር?»

እኅቴ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና ወዲያው ዓይኗን መለሰች። ታውቅ ነበር ማለት ነው።

«ዕቁቡስ?» አልኩት።

«የምን ዕቁብ?» አለና ራሱ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ወደ ኋላ ሳይዞር «ብነግርህ ትሄድ ነበር?» አለኝ።

አልመለስኩለትም። አልሄድም ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አባቴ በዚያ ዕድሜው የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ዓይኑ እየጠየቅሁት፣ የዓይን ጠብታ በሰው ስልክለት ነበር። ተቀብሎ ያመሰግነኛል። ከዚያ በኋላ በየወሩ ከዝግ ሒሳቡ ይለቀቅልኝ የነበረው ገንዘብ ትዝ አለኝ። ጥቅምት ላይ የበላሁት ዳቦ የቮልሷ በር ነበር። ኅዳር ላይ የከፈልኩት የቤት ኪራይ ጎማዎቿ ነበሩ። ሳላውቀው አንድ ዓመት ሙሉ ቆራርጬ በላኋት።

እኔ ይህን ሳስብ አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነበር። ቮልሷ ጎናችን ደርሳለች። የሚነዳት ወጣት ነው።

«ልጄ» አለው አባቴ፤ «ቫልቯ ላልቷል።»

ልጁ ደንግጦ ዞረ። «በምን አወቁ ጋሼ?»

«ትናገራለች እኮ! ማስተካከል ታውቃለህ?»

«አላውቅም። የሚያውቅ መካኒክም አጣሁ።»

እኔ ከኋላ ሆኜ «እንግዛት፤ እኔ እከፍላለሁ» ብዬ ሹክ አልኩት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «ልጁ ይወዳታል። አታይም እንዴት እንዳጠባት? ተዋት።» ከዚያ ለልጁ ቤታችንን በምልክት ነገረው።

ልጁ ቅዳሜ ማታ መጣ። የቮልስ ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ማደር ነበረባት። አባቴ ለልጁ «ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አድርጋት» አለው። ቮልሷ ያን ሌሊት በድሮ ቦታዋ አደረች። እማዬ ሁለት ጊዜ በመጋረጃው ስታያት ያዝኳት።

እሑድ ጠዋት አባቴ መሣሪያውን ሁሉ አወጣ። ሲሸጣት መሣሪያዎቹን አልሸጠም ነበር። ክፍተቱ የሚለካበትን ቀጭን ብረት ለእኔ ሰጠኝ። ክፍተቱ የፀጉር ያህል ነው፤ ከጠበበ ቫልቩ ይቃጠላል፣ ከሰፋ ይንኳኳል። እኔ እለካለሁ፣ አባቴ ያጠብቃል፣ ልጁ ያያል። «አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ» አለው አባቴ። ዓይኑ ላይ መነጽር አልነበረም።

ስንጨርስ ልጁ ቁልፉን በሁለት እጁ ዘረጋለት። «ጋሼ፣ እርስዎ ያስነሡልኝ።»

በቁልፍ ተነሣች። መግፋት አላስፈለገም። አባቴ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረ። እኛ በር ላይ ቆመን ድምፁን እየሰማን የት እንደደረሰ እንገምት ነበር፤ አሁን ዳቦ ቤቱ ጋ፣ አሁን ድልድዩ ጋ፣ አሁን ዳገቱን ጀመረው።

ውድ አንባብያን፣ ቤተሰቦቻችሁ አገር ቤት ስለነዷት ወይም ስለተሳፈሩባት መኪና ጠይቋቸው። ላዳ ትሆናለች፣ ፔጆ ትሆናለች፣ ምናልባትም ዲኤክስ። ስሟን ሲነግሯችሁ በዚያ አታቁሙ። «መጨረሻዋ ምን ሆነ?» ብላችሁም ጠይቁ።