በምን መጣችሁ?



ካርድ ይዛችሁ ክፍሌ ስትገቡ ገና ሕመማችሁን ሳልሰማ "ከየት መጣችሁ? በምን መጣችሁ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ለጨዋታ የሚመስላችሁ አላችሁ። ለእኔ ግን እንደ ትኩሳትና እንደ ደም ግፊት የምመዘግበው ነገር ነው።

ገጠር ተመድቤ ስሠራ አንዲት እናት ቤቷ ወልዳ ደም እየፈሰሳት በቃሬዛ አመጧት። ጎረቤት እስኪጠራ፣ ቃሬዛው እስኪበጅ፣ ዋናው መንገድ ላይ መኪና እስኪገኝ ሌሊቱ ነጋ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ ደም መፍሰስ ግን በ2 ሰዓት ገደማ ሊገድል ይችላል። አልደረስንላትም። መድኃኒቱ እኮ መደርደሪያችን ላይ ነበር።

ያቺን እናት ሳስብ በሕንድ ቢሃር ግዛት ያለች ጌህሎር የምትባል ትንሽ መንደር ትዝ ትለኛለች። በመንደሯና በቅርቡ ከተማ መካከል ኮረብታ ተጋርጦ ነበር። እንደሚነገረው፣ የቀን ሠራተኛው ዳሽራት ማንጂ ሚስቱ ተጎድታ በጊዜ ሕክምና ባለማግኘቷ ሞተችበት። ከ1960 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ 22 ዓመት ሙሉ፣ በመዶሻና በመሮ ድንጋዩን ፈልፍሎ 110 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መንገድ አወጣ። 55 ኪሎ ሜትር የነበረው ዙሪያ ጥምጥም ጉዞ ወደ 15 አጠረ።

ለምን መንግሥት አልሠራውም? ትንሽ መንደር ሁልጊዜ ወረፋዋ ኋላ ነው። ሕንድ በ2000 እ.ኤ.አ. ትልቅ የገጠር መንገድ ፕሮግራም ስትጀምር መስፈርቱ የሕዝብ ብዛት ነበር፤ በሜዳማ አካባቢ 500 ነዋሪና ከዚያ በላይ፣ በተራራማና በበረሃማ አካባቢ ደግሞ 250። ገንዘብ ውስን ሲሆን ከብዙ ሰው መጀመር ያስኬዳል፤ አልፈርድም። ነገር ግን 200 ሰው ባለበት መንደር የምትወልድ እናት ደሟ የሚፈሰው እንደማንኛዋም እናት ነው።

መንገዱን እኔም እናንተም ነገ ልንሠራው አንችልም። ማንጂን 22 ዓመት ፈጅቶበታል፤ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ግን ለመዘጋጀት 9 ወር አለው። ስለዚህ አደራ፦

• ሌሊት ቢሆን በምን እንደምትሄዱ፣ ማን እንደሚያደርሳችሁ ዛሬውኑ ተነጋገሩ። የአምቡላንስና የባለ መኪናውን ስልክ ግድግዳ ላይ ጻፉ።
• ለመጓጓዣ ትንሽ ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ።
• ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ ቀኑ ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ ግቡ፤ ወይም ጤና ተቋም አጠገብ ያለ ዘመድ ጋ እረፉ።
• ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ መንቀጥቀጥ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ ወይም የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ "እስኪነጋ እንይ" አትበሉ።
• ልጃችሁ መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ወዲያውኑ ተነሡ።

መንገዳችሁ በረዘመ መጠን ውሳኔያችሁ ይፍጠን። ቅርብ ያለ ሰው ትንሽ ቢዘገይ ሊደርስ ይችላል፤ የሩቅ ሰው ግን ያ ጊዜ የለውም።

ገጠር እናት፣ እህት ወይም ነፍሰ ጡር ዘመድ ካላችሁ ዛሬ ደውላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፦ "ሌሊት ምጥ ቢመጣብሽ በምን ትሄጃለሽ?"

ጤናችሁ ይብዛ።