ትከሻውን ከአንድ ወገን ብቻ አየነው

ይህን የምንጽፈው ጥፋታችንን ለመናገር ነው።

ለማስተማር ልምምድ ቡሹሎ በወጣንበት ሰሞን፣ ከትምህርት በኋላ መረብ ኳስ እንጫወት ነበር። አንዱ ጓደኛችን ኳስ አድናለሁ ብሎ ሲወረወር በተዘረጋ እጁ ላይ ወደቀ። ትከሻው ወጣ አለና ወዲያው በራሱ ተመለሰ። "ወጌሻ ይሳበው" ያለ ነበር። "ኧረ ተዉ፣ ተሰብሮስ ቢሆን?" ተባብለን ክንዱን በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥለን ወደ ሕክምና ወሰድነው።

ከፊት ለፊት ራጅ ተነሳ። ስብራት የለም፣ አጥንቱም ቦታው ላይ ነው ተባለ። ከሳምንታት በኋላ ግን ጠመኔ ይዞ ክንዱን ወደ ሰሌዳው ባነሳ ቁጥር "ሊወልቅብኝ ነው" እያለ ያወርደዋል። እኛም ማማት ጀመርን፤ "ራጁ ደህና ነው፤ ልምምዱን ፈርቶ ነው!" ሰምቶ ዝም አለን።

ዳግመኛ ሲሄድ ሐኪሙ አወዳደቁን ጠየቀው፤ ትከሻውንም በእጁ መረመረ። ከዚያም ክንዱን ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ደግሞም በብብቱ በኩል ራጅ እንዲነሳ አዘዘ። በክንዱ አጥንት ራስ ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ትንሽ ስርጉድ ታየች። ሂልና ሳክስ የተባሉ አሜሪካውያን የራጅ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1940 የገለጿት ምልክት ናት፤ የአጥንቱ ራስ ሲንሸራተት ከጎድጓዳው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ የሚተርፈው ጠባሳ ነው።

ሙሉ ውልቃት ከሆነ አጥንቱ ከጎድጓዳው ወጥቶ ይቀራል። ከፊል ውልቃት ግን ሸርተት ብሎ ይመለሳል፤ ራጅ ደግሞ የሚያሳየው የተነሳበትን ቅጽበት ብቻ ነው። ሮንትገን ራጅን ያገኘው በጥቅምት 1888 ዓ.ም.፣ በዓድዋው ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት ከአገራችን ቆስለው የተመለሱ የኢጣልያ ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረ ጥይት ናፖሊ ላይ በራጅ ተፈልጓል። ጥይት በራጅ ይታያል፤ የላላ ጅማት ግን አይታይም። ስለዚህ ከሌላ አቅጣጫም መነሳት፣ ከሁሉም በላይ በሽተኛውን መስማት ያስፈልጋል።

ጓደኛችንን ይቅርታ ጠይቀናል። እሱም "ግዴለም" ብሎ፣ አሁን ጡንቻውን በስፖርት እያጠነከረ፣ ከሰሌዳው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይጽፋል።

ነገ ክፍላችን ውስጥ "አመመኝ" የሚል ልጅ ይኖራል። "ውሸትህን ነው" ከማለታችን በፊት ይህን ትከሻ እናስታውስ።